የደጃፍዎ መንገድ ስፋትና የልጅዎ ደህንነት

የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልዎት ወይም በማኅበር ተደራጅተው ሠርተው ወደ አዲስ ሰፈር ሊገቡ ነው እንበል። ቤቱን ለማየት ሲሄዱ ምን ይመረምራሉ? አብዛኞቻችን ውሃ መግባቱን፣ ቆጣሪው መቀጠሉን፣ ግድግዳው አለመሰንጠቁን እናያለን። ከዚያ በረንዳ ላይ ወጥተን ወደ ታች እየተመለከትን «መንገዱስ ሰፊ ነው፤ መኪና እንደልብ ያስገባል» እንላለን። ሰፊ አስፋልት እንደ ጸጋ ይቆጠራል። ዛሬ ላነሣልዎት የፈለግሁት ጉዳይ ይህንኑ ነው፤ በሰፈር ውስጥ ሰፊ አስፋልት ለጤና ጠንቅ የሚሆንበት ብዙ አጋጣሚ አለ፤ ይህ የሚወሰነውም ቤቱ ከመሠራቱ በፊት፣ ቦታው ሲሸነሸንና መንገዱ በወረቀት ላይ ሲሰመር ነው።

«ሐኪም ከመንገድ ዲዛይን ጋር ምን አገናኘው?» ሊሉ ይችላሉ። በመኪና ተገጭቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣ ልጅ የሕመም ታሪክ ሲጻፍ «የት ነው የተገጨው?» ብለን እንጠይቃለን። «ከሱቅ ሲመለስ»፣ «ኳስ ተከትሎ ሲወጣ»፣ «ከትምህርት ቤት ሰርቪስ እንደወረደች» የሚሉ መልሶች እንሰማለን። ይህ ሁሉ ከቤት ብዙም ሳይራቅ የሚደርስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ እንደሚሞቱ ገልጿል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ሕፃናትና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው አደጋ ነው። ከሟቾቹ ከ10 ሰዎች 9ኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በአዲስ አበባም በመንገድ ላይ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ለኩፍኝና ለፖሊዮ ልጆቻችንን እናስከትባለን። ለዚህኛው ግን ክትባት የለውም፤ ያለው የመንገዱ አሠራር ነው።

እስቲ ቀላል ሒሳብ አብረን እንሥራ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 8 ሜትር ከግማሽ ገደማ ይሄዳል። ሾፌሩ ልጁን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ፍሬኑም ደህና ከሆነ፣ መኪናው በ13 ሜትር ገደማ ውስጥ ይቆማል። ይኸው መኪና በ50 ሲነዳ ደግሞ ፍሬኑ ሳይነካ፣ በዚያች አንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሙሉ በሙሉ ለመቆም 28 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ልጁ ከመኪናው 14 ሜትር ርቀት ላይ ብቅ ቢል በ30 የሚነዳው ከልጁ ፊት ይቆማል። በ50 የሚነዳው ግን ገና ፍሬን ሊይዝ ሲል ልጁ ጋ ደርሷል፤ የሚመታውም በሙሉ ፍጥነቱ ነው። ለዚህም ነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በስቶክሆልም የተሰበሰቡ አገሮች እግረኛና መኪና በሚደባለቁበት ቦታ የፍጥነት ወሰኑ ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የሚል መግለጫ ያወጡት።

የልጅ ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ይለያል። አዋቂን ሰው የቤት መኪና ሲመታው መጀመሪያ የሚያገኘው ከጉልበት አካባቢ ነው። ልጅን ግን ጭኑን፣ ሆዱንና ደረቱን ያገኘዋል፤ ቀጥሎም ወድቆ በራሱ ይመታል። ስለዚህ የተገጨ ልጅ ሲመጣልን የጭን አጥንት ስብራት ብናይም እዚያ ላይ አናቆምም፤ ሆዱንና ጭንቅላቱንም እንመረምራለን። የልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ትልቅና ከባድ ነው። ጉበቱና ጣፊያው በጎድን አጥንት በደንብ አልተሸፈኑም። የጎድን አጥንቱም ለስላሳ ስለሆነ ሳይሰበር የውስጡ አካል ሊጎዳ ይችላል። በዚያ ላይ ቁመቱ ከቆመ መኪና ጀርባ ይሰወራል፤ እስከ 9 እና 10 ዓመት ገደማ ድረስም የሚመጣ መኪናን ፍጥነትና ርቀት በትክክል መገመት ይቸግረዋል። «ግራና ቀኝ እያየህ ተሻገር» ብሎ ማስተማር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ ቢያይም የሚያየውን መመዘን አልጨረሰም። ጥንቃቄውን ሁሉ በእሱ ትከሻ ላይ መጣል አይገባንም።

አሁን ወደ ስፋቱ እንመለስ። ሾፌር ፍጥነቱን ከምልክት ሰሌዳ ይልቅ ከመንገዱ ሁኔታ ይወስናል። ሰፊ፣ ቀጥ ያለና ባዶ አስፋልት ሲያገኝ ሳይታወቀው ነዳጁን ይጫናል። ለአውራ ጎዳና በአንድ መስመር 3 ሜትር ከግማሽ ያህል ይመደባል፤ ለሰፈር መንገድ ግን 3 ሜትር ይበቃል። ይህም ለደርሶ መልስ 6 ሜትር መሆኑ ነው። ስፋቱ እግረኛው ለመሻገር የሚፈጅበትንም ጊዜ ይወስናል። ጤናማ አዋቂ በሰከንድ 1 ነጥብ 2 ሜትር ያህል ይራመዳል፤ 6 ሜትሩን በ5 ሰከንድ ይሻገራል። አስፋልቱ 13 ሜትር ከሆነ 11 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት በሰከንድ 0 ነጥብ 8 ሜትር ቢራመዱ ከ16 ሰከንድ በላይ መኪና መሀል ይቆያሉ። በ50 የሚነዳ መኪና በዚያ ጊዜ ከ220 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ሲነሡ ጭራሽ ያልታያቸው መኪና ማለት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 እስከ 2027 እንዲያገለግል የተዘጋጀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከከተማዋ መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ያስቀምጣል። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች ሰፈራ ፕሮግራም፣ ዩኤን ሃቢታት፣ የሚመክረውም ተቀራራቢ ነው፤ ቢያንስ 30 በመቶ መሬት ለመንገድ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥም ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር የመንገድ ርዝመት። ቁጥሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን 30 በመቶው ምን ላይ እንደዋለ ካልታየ መቶኛው ብቻውን ልጅ አያድንም።

ለምሳሌ ከአጥር እስከ አጥር 15 ሜትር የተተወለት አንድ የሰፈር መንገድ ይውሰዱ። በመጀመሪያው አሠራር 13 ሜትሩ አስፋልት ይሆናል፤ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሜትር ክፍት የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈራል፤ አለቀ። እግረኛው ከመኪና ጋር ይሄዳል። በሁለተኛው አሠራር 6 ሜትሩ ለመኪና ይሆናል። በየጎኑ 2 ሜትር ለዛፍ፣ ለመብራት ምሰሶና እዚህም እዚያም ለመኪና ማቆሚያ ይተዋል፤ የተከደነው የውሃ መውረጃም በዚሁ ሥር ያልፋል። ከዚያ በየጎኑ 2 ሜትር ከግማሽ የእግረኛ መንገድ ይቀራል። ሲደመር ያው 15 ሜትር ነው። አንድም ሰው ቦታ አይቆረጥበትም፤ አስፋልቱም ከግማሽ በታች ይሆናል። በሁለተኛው መንገድ ላይ ሕፃን ብስክሌት ይማራል፤ ሽማግሌ በምርኩዙ ይወጣል። ሁለት ዊልቸሮች ለመተላለፍ 1 ነጥብ 8 ሜትር ስለሚበቃቸው አካል ጉዳተኛው ጎረቤትዎም ከቤቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሣል፤ «ጠባብ ከሆነ የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ በየት ይገባሉ?» የሚል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም አምቡላንስ ዘገየ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የእሳት አደጋ መኪና ራሱ 2 ሜትር ከግማሽ ገደማ ስፋት አለው፤ ለማለፍና ለመሥራት 4 ሜትር ያህል ክፍት መተላለፊያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ 6 ሜትር ይበቃዋል፤ ያውም ክፍት ከሆነ። ባለ 6 ሜትሩ መንገድ ግራና ቀኝ መኪና ቢቆምበት የሚተርፈው 2 ሜትር ነው፤ ያኔ አምቡላንስም አያልፍም። መፍትሔው የማቆሚያ ቦታውን ለይቶ መሥራት ነው። በተግባር መንገድ የሚዘጋው የአሸዋ ክምር፣ ማዕዘን ላይ የተተከለ ኮንቴይነር ሱቅና ሌሊት ተቆልፎ የሚያድር የግቢ በር ነው። አስፋልቱን ማስፋት ለእነዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ ሰፊ ቦታ ካገኙ እንዲያውም ይበዛሉ።

ኔዘርላንዶች በዚህ ጉዳይ ብዙ ዋጋ ከፍለው ነው የተማሩት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 በአገራቸው ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞቱ፤ ከእነርሱም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ። ዴልፍት በተባለችው ከተማ የሰፈር መንገዶች መኪና በእግረኛ ፍጥነት ብቻ እንዲያልፍባቸው ሆነው ታነጹ፤ በ1976 ደግሞ ይህ አሠራር ሕግ ሆነ። እኛም ጅምር አለን። ለገሃር አካባቢ ባለው መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለምና በቀላል መከለያ ብቻ የእግረኛው መሻገሪያ እንዲያጥር ተደርጓል። «መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም ሲጀመር ሕፃናት በአስፋልት ላይ ሲጫወቱ ያየን ሁሉ ልዩነቱን እናስታውሳለን። ጥያቄው አዳዲሶቹ ሰፈሮች ይህንን ከመጀመሪያው ይዘው ይወለዳሉ ወይ ነው። ቤት ከተሠራ፣ አጥር ከታጠረ በኋላ ማስተካከል ካሳና ክርክር ነው።

እንግዲህ ወደ አዲሱ ሰፈር ሲሄዱ ከቤቱ በፊት መንገዱን በእግርዎ ይሂዱበት፤ ቢቻል ልጅዎን ይዘው። የእግረኛው መንገድ ሳይቋረጥ እስከ ትምህርት ቤቱና እስከ ታክሲ መያዣው ይደርሳል? ወይስ አንዱ ደረጃውን፣ ሌላው የአበባ መደቡን አውጥቶበት ወደ አስፋልት ይገፋዎታል? ማዕዘኖቹን ይመልከቱ። የመታጠፊያው ጠርዝ በጣም ክብና ሰፊ ከሆነ መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይታጠፋል፤ ጠበብ ሲል ግን ሾፌሩ ወዶም ሆነ ሳይወድ ይቀንሳል። ትምህርት ቤቱ በቀጥታ 300 ሜትር ላይ እያለ የግቢ አጥር ዞረው አንድ ኪሎ ሜትር የሚሄዱ ከሆነም ይጠይቁ፤ አንዲት ትንሽ የእግረኛ በር ልጆቹን ከዋናው አስፋልት ታድናቸዋለች።

የፍጥነት መቀነሻ ጉብታን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ፤ ሰፈርተኛ ተማርሮ ራሱ ሲሠራው ስለማይ ነው። ወፍራም ገመድ ይዘረጋል፤ ወይም ጠባብ ሹል የሲሚንቶ ግድብ ይሠራል። ደህና የሆነው ጉብታ ከፍታው ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣና ቀስ ብሎ የሚወርድ ነው። ሹሉ ጉብታ ነፍሰ ጡሯን፣ የዲስክ መንሸራተት ያለበትንና በአምቡላንስ የተኛውን ስብራተኛ ያሠቃያል፤ ሞተር ሳይክል ነጂውንም ይጥላል። ቀለምና መብራት ከሌለው ደግሞ በሌሊት ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ በራስዎ ከማነጽ ይልቅ በማመልከቻ መጠየቅ ይሻላል።

ክፍት ቦይና ክዳኑ የጠፋ ማንሆል ሌላው ጉዳይ ነው። በክረምት ጎርፍ ሲሸፍናቸው መንገድና ጉድጓድ አይለይም። ውሃ የሚቋጥሩ ከሆነ በቆላማ ከተሞች የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናሉ። በድሬዳዋ እንደታየው በከተማ ውስጥ፣ ሰው ሠራሽ በሆነ የውሃ ማጠራቀሚያ የሚራባ አዲስ ዝርያም ገብቷል፤ ለግንባታ የሚጠራቀም ውሃ ሳይከደን መተው የለበትም። ኮረኮንች መንገድ አቧራው አስም ላለበት ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ ለወላጆቹ መንገር አያስፈልግም።

ደም ግፊትና ስኳር ላለባቸው ታካሚዎቼ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲራመዱ እመክራለሁ። «የት ዶክተር?» ይሉኛል። ቀልድ አይደለም፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መብራት በሌለው፣ የእግረኛ መንገድም በሌለው ሰፈር ለስልሳ ዓመት ሰው ይህን ምክር መስጠት ራሱ ያሳስባል። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው። ለብዙኃኑ መንገድ ማለት የእግር መንገድ ነው።

ታዲያ ይህን ለማን ይናገሩታል? የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የከተማ ፕላንን መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። የሰፈርዎ የውስጥ መንገድ የሚወሰነው በሁለተኛው ነው። አዋጁ ረቂቁ ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲወያይበት ያዛል። ወረዳው ለውይይት ሲጠራ «ሥራ አለብኝ» ብለው አይቅሩ፤ ወይም ከብሎክ ኮሚቴው አንድ ሰው ይላኩ። በማኅበር ወይም ከሪል እስቴት የሚገዙ ከሆነ ውል ከመፈረምዎ በፊት የሳይት ፕላኑን ያስወጡና ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ከአጥር እስከ አጥር ስንት ሜትር ነው፣ ከዚያ ውስጥ ለእግረኛ የተተወው ስንት ነው፣ የውሃ መውረጃው ክፍት ነው ወይስ የተከደነ። «በኋላ ይሠራል» ከተባሉ በውሉ ላይ ይጻፍ። ግንባታው ባልተጠናቀቀበት ሰፈር ደግሞ ገልባጭ መኪናዎች ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበትና በሚመለሱበት ሰዓት እንዳይገቡ ከአሠሪዎቹ ጋር መስማማት ይቻላል፤ አሸዋና ብረት በእግረኛው መንገድ ላይ እንዳይከመርም እንዲሁ።

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጅ ሊገጭ ይችላልና ምን ማድረግ እንዳለብዎት ልንገርዎ። መጀመሪያ ሌላ መኪና እንዳይመጣባችሁ አንድ ሰው መንገዱን ያስቁም። አደገኛ ቦታ ላይ ካልሆነ በቀር ልጁን ተሸክመው አይሩጡ፤ ባጃጅ ውስጥ አጥፈው አይጫኑት። አንገቱ የተጎዳ ከሆነ ያ እንቅስቃሴ ለዕድሜ ልክ ሽባነት ሊዳርገው ይችላል። ባለበት አስተኝተው ራሱንና አንገቱን በሁለት እጅዎ ቀጥ አድርገው ይያዙ። የሚደማ ቦታ ካለ በንጹሕ ጨርቅ ሳያነሡ ይጫኑት። የታጠፈ እግር ለማቃናት አይሞክሩ። የሚበላም ሆነ የሚጠጣ፣ ውሃም ቢሆን፣ አይስጡት፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907፣ የእሳትና አደጋ ሥጋትን በ939 ይጥሩ፤ የብሎክ ቁጥርዎንና ቅርብ ያለውን የታወቀ ምልክት ተረጋግተው ይናገሩ። አዲስ ሰፈር ውስጥ አምቡላንስ የሚዘገየው ቤቱን በማጣት ጭምር ስለሆነ አንድ ሰው ዋናው መግቢያ ላይ ወጥቶ ይቀበለው።

ልጁ ወዲያው ተነሥቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው። ሾፌሩም ደንግጦ፣ ወላጅም «እግዜር አተረፈው» ብሎ ነገሩ እዚያው በዕርቅ የሚያልቅበት ጊዜ አለ፤ የጣፊያ መድማት ግን ከሰዓታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። በመጀመሪያው 24 ሰዓት በተለይ ይከታተሉት። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ያለወትሮው እንቅልፍ ከበዛበት ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ የዓይኑ ብሌኖች መጠን ከተለያየ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ደም ወይም ውሃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ሲነካ ካመመው፣ ከገረጣ ወይም ሽንቱ ደም ከቀላቀለ ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።